ዋሱ የሚዋሰው ማንን ነው?

በበጌምድር፣ በእብናትም ሳይቀር፣ ብድር የፈለገ ባለርስት መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጥ ነበር፤ አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ እያረሰ ይበላዋል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሲከለክል፣ ዋስ መጥራት ግን አልቀረም።

በአሜሪካ በ1926 ዓ.ም. የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ይህንኑ የዋስ ሥራ በአረቦን ያዘው። በጥቂት ቅድመ ክፍያ ቤት የሚገዛው ሰው አረቦኑን ይከፍላል፤ ዕዳው ቢቀር ካሳውን የሚቀበለው አበዳሪው ነው፤ ገዢው ቤቱን ያጣል። እኛም አስቀድመን መድኑ ለገዢው መስሎን ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ዕዳውን የከፈለ ዋስ በባለዕዳው ላይ እንዲመለስ ይፈቅዳል። የእብናቱ ዋስ ግን ጎረቤት ወይም ዘመድ ስለ ሆነ፣ ቀኑ ሳይደርስ ባለዕዳውን ይወተውታል።