ሥዕል የለበሰ ስሌት

ፎርትራን በ1957 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከአይ.ቢ.ኤም. ሲወጣ፣ መሐንዲሱ የመሣሪያውን የውስጥ ትእዛዝ ሳያጠና ቀመሩን ጽፎ ያሰላ ዘንድ በር ተከፍቶለት ነበር። ከአርባ ዓመታት በኋላ ግን የሙያው ሰው ያንኑ የቀድሞ ችግር እንደ ገና ተጋፈጠው፤ ይኸውም በግራፊክስ ፕሮሰሰር ላይ ነው።

ይህ ፕሮሰሰር የተስፋፋው በኮምፒዩተር ጨዋታ ምክንያት ነው። በስክሪኑ ላይ የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም ጎረቤቱን ሳይጠብቅ ሊሰላ ስለሚችል፣ ሠሪዎቹ ብዙ ትናንሽ የማስያ ክፍሎችን ጎን ለጎን ደረደሩ። በ2001 የወጣው የኤንቪዲያ ጂፎርስ 3 አጫጭር ፕሮግራሞችን መቀበል ሲጀምር፣ ተመራማሪዎች ጉልበቱን ለሳይንስ ሥራ ተመኙት። ዳሩ ግን መሣሪያው የሚያውቀው የሥዕልን ቋንቋ ብቻ ነበር። ማትሪክስ ለማባዛት የፈለገ ሰው ቁጥሮቹን ሥዕል አስመስሎ ያስገባል፤ ለማስላት አራት ማዕዘን እንዲሣል ያዛል፤ ውጤቱንም ከቀለሞቹ መካከል ይለቅማል። ማንም የማያየው ሥዕል ነበር የሚሣለው።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኢያን ባክና ባልደረቦቹ በ2004 ያቀረቡት ብሩክ የተባለ ቋንቋ ይህን ጭንብል ከፕሮግራመሩ ፊት አነሣለት። (ስሙ በእንግሊዝኛ ትንሽ ወንዝ ማለት ነው፤ በእኛ ጆሮ ግን ምርቃት ይመስላል።) ፕሮግራመሩ የሲ ቋንቋን በመሰለ አጻጻፍ የቁጥሮቹን ጅረትና በእያንዳንዳቸው ላይ የሚፈጸመውን ስሌት ብቻ ይጽፋል፤ ወደ ሥዕል የመተርጎሙን ጣጣ ኮምፓይለሩ ይሸከማል። ባክ ወደ ኤንቪዲያ ከተሻገረ በኋላ ኩባንያው በ2006 ኩዳን አስተዋወቀ፤ ያን ጊዜ የሥዕሉ ሽፋን ጨርሶ ቀረ። በ2010 በጥናት ጽሑፍ የተገለጸው የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲው ቲያኖ ደግሞ በፓይተን የተጻፈን ቀመር ራሱ ወደ ኩዳ እየለወጠ ያሠራ ጀመር።

ሆኖም ቋንቋው ያልሸፈናቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጭነት ነው፤ ቁጥሮቹን ከዋናው ሜሞሪ ወደ ካርዱ ሜሞሪ ማመላለስ አንዳንድ ጊዜ ከስሌቱ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ሁለተኛውና በእኔ ግምት የከበደው፣ ኩዳ ለአንድ ኩባንያ ፕሮሰሰሮች የተሠራ መሆኑ ነው። በ2008 ክሮኖስ የተባለው ማኅበር ለሁሉም የሚሆነውን ኦፕንሲኤል ቢያወጣም፣ ብዙ ሰው በኩዳ መጻፉን ቀጠለ። ከላይ ያለው የፓይተን መስመር የማንንም ስም አይጠራም፤ ከሥሩ ያሉት ፕሮግራሞች ግን ለዓመታት በኩዳ ሲከማቹ የኖሩ ናቸው። ፕሮሰሰር ልለውጥ ብሎ የሚነሣ የሥራ ኃላፊ እውነተኛውን ወጪ የሚያገኘው እዚያ ነው።