ከዲናሞ ወደ አልተርናተር፦ የላንድሮቨር የኤሌክትሪክ ምንጭ ታሪክ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብረት በኮታ ይታደልባት በነበረችው እንግሊዝ፣ የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ ለእርሻና ለገጠር ሥራ የሚያገለግል፣ ልባሱ ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ መኪና አቀደ። መኪናው ላንድሮቨር ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ታየ። በዚያን ዘመን የባትሪው መጋቢ ዲናሞ ነበር።

በዲናሞ ውስጥ መግነጢሱ ቆሞ፣ ሽቦ የተጠመጠመበት እምብርት ይሽከረከራል፤ የሚመነጨውም ኃይል በሙሉ በካርቦኖቹ በኩል ያልፋል። ይህ አሠራር ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ባትሪ የሚሞላ ኃይል አይወጣም። ሁለተኛ፣ እምብርቱ ከባድ ስለሆነ ከልክ በላይ ቢፈጥን ጥምጥሙ ሊበተን ይችላል። በ1960ዎቹ ይገጠም የነበረው የሉካስ ሲ40 ዲናሞ ከፍተኛ አቅሙ 22 አምፔር ነበር። ሁለቱ የፊት መብራቶች ብቻ 10 አምፔር ያህል ይወስዳሉ። ስለዚህ በጉዞ ላይ ገቢና ወጪው ቢመጣጠንም፣ መኪናው በሌሊት መብራቱን አብርቶ ወንዝ ዳር ሲቆም የሚበላው የባትሪውን ስንቅ ነበር።

የአልተርናተር መርሕ ቀድሞም የታወቀ ነበር። ያዘገየው ተለዋዋጩን ጅረት ወደ ቀጥተኛ የሚለውጥ አነስተኛና ብርቱ መሣሪያ መጥፋቱ ነው። ይህን ችግር የሲሊኮን ዳዮድ ፈታው፤ ክራይስለርም እ.ኤ.አ. በ1960 ዓ.ም. ቫሊያንት በተባለው መኪናው ላይ አልተርናተርን መደበኛ ዕቃ አደረገው። በዚህኛው መሣሪያ የሚዞረው መግነጢሱ ሲሆን ኃይል አመንጪው ጥምጥም ይቆማል፤ ካርቦኖቹም የሚያሳልፉት ጥቂት አምፔር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. የወጣው ሦስተኛው የላንድሮቨር ተከታታይ ዲናሞውን በአልተርናተር ተካ። መቆጣጠሪያውን በሆዱ የያዘው የሉካስ 16ኤሲአር 34 አምፔር ይሰጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቀደሙት ላንድሮቨሮች ባለቤቶችም ዲናሞውን እያወጡ አልተርናተር ማስገጠም ጀመሩ። ሥራው ግን ዕቃ በዕቃ መተካት ብቻ አይደለም። ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር ካልዋሉ ቺንጋው ይበላል፤ የቀድሞው መቆጣጠሪያ ሣጥን ከሥራ ውጭ ሆኖ፣ ለአዲሱ ጅረት የሚመጥን ወፍራም ሽቦ ወደ ባትሪው መዘርጋት አለበት። በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የቻርጅ መብራትም ምልክት ብቻ አይደለችም፤ መግነጢሱን መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው ጅረት የሚያልፈው በእርሷ በኩል በመሆኑ፣ አምፖሏ ከተቃጠለ አልተርናተሩ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን የዋልታ ነገር ነው። እስከ 1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ በተሠሩት ላንድሮቨሮች ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነበር። አልተርናተሩ ደግሞ ኔጌቲቩ እንዲታሰር ይፈልጋል። ሞተሪኖው ዋልታው ቢገለበጥም የሚዞርበትን አቅጣጫ አይለውጥም፤ ዳዮዶቹ ግን በቅጽበት ይቃጠላሉ። ስለዚህ ባትሪው ዞሮ መታሰር፣ የኮይሉና የአምፔር መለኪያው ሽቦዎችም መቀያየር ነበረባቸው።

በዚህ ለውጥ የተገኘው ጥቅም ግልጽ ነው፤ የታጣም ነገር አለ። ዲናሞ ቢደክም ካርቦኑን ለውጦ፣ መዳቡን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ መመለስ ይቻል ነበር፤ ዋልታውን እንኳ በአንዲት የሽቦ ንክኪ ማዞር ይቻላል። የተቃጠለ ዳዮድ ግን አይጠገንም፤ ይለወጣል እንጂ። መለዋወጫ ከሩቅ በሚመጣበት አገር፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ይህ ልዩነት ቀላል አልነበረም። የጥገና ባለሙያው ሙያም በዚያው መጠን ተለወጠ፤ ቀድሞ ዋጋ ያለው የእጅ ብልሃት ነበር፤ አሁን ግን ባትሪውን ከማሰሩ በፊት ዋልታውን ደግሞ የሚመረምር ጥንቃቄ ከእርሱ ይፈለጋል።