አረብ ብረትና የአገር መከላከያ

መንግሥታት ከባዕድ አገር በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ ሲጥሉ የኖሩት ግምጃ ቤታቸውን ለመሙላት ወይም የአገራቸውን ኢንዱስትሪ ለመጠበቅ ነው። በአረብ ብረት ላይ ግን ሦስተኛ ምክንያት ይታከላል፤ ይኸውም የአገር መከላከያ ነው። ክብደቱን ለመመርመር የአሜሪካን ታሪክ እንመለከታለን፤ ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የነጻ ንግድ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ እንኳ በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ መከላከያ ከሀብት እንደሚበልጥ አምኗል። የመጀመሪያው የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር አሌግዛንደር ሃሚልተንም በ1791 ለምክር ቤት ባቀረበው መግለጫ የአገር ነጻነት ከኢንዱስትሪ መስፋፋት ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረድቷል። ይህን እኛም እንቀበላለን። የብረት ማቅለጫ ምድጃ ከጠፋና ሠራተኛው ከተበተነ፣ ጦርነት በተነሣ ዕለት በዐዋጅ ሊመለስ አይችልም።

በኬኔዲ ዘመን በ1962 የወጣው የንግድ ማስፋፊያ ሕግ በ232ኛው ክፍሉ፣ ጸጥታን የሚያሰጋ የውጭ ዕቃ ሲገባ ፕሬዚዳንቱ እንዲገድበው ሥልጣን ሰጠ። የኢኮኖሚ ደኅንነትም ከጸጥታ ጋር ተያይዞ እንዲታይ ስላዘዘ በሩ እጅግ ሰፊ ሆነ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በ2002 እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ በአረብ ብረት ላይ ሲጥሉ በሌላ ሕግ እንጂ በዚህ አልተጠቀሙም፤ የዓለም ንግድ ድርጅት ስለ ፈረደባቸውና የአውሮፓ ኅብረትም ለአጸፋ ስለ ተዘጋጀ በ2003 መጨረሻ አነሡት።

በማርች 2018 ግን ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ1962ቱ ሕግ 25 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። አስቀድሞ የመከላከያ ሚኒስትሩ ጄምስ ማቲስ፣ ያለ አግባብ የሚገባ ብረት ጸጥታን ይጎዳል በሚለው ቢስማሙም፣ ለጦሩ የሚያስፈልገው አገሪቱ ከምታመርተው ብረት 3 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑን ጽፈው ነበር፤ የወዳጅ አገሮች ነገርም እንደሚያሳስባቸው ገልጸዋል። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚመዝነው ይህ ነው፤ ስለ ጦር መሣሪያ ከጦር ሹሙ የበለጠ ማን ሊመሰክር ይችላል?

ለአሜሪካ ብዙ ብረት ከሚሸጡት አገሮች ቀዳሚይቱ ካናዳ ስትሆን፣ በሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳንም የጦር ጓዷ ናት። በጁን 2018 ቀረጡ ሲደርስባት እንደ ሥጋት መቈጠሯን ስድብ አድርጋ ቈጠረችው፤ በጁላይ 1 ቀን አጸፋውን መለሰች። ሁለቱ የታረቁት በሜይ 2019 ነው።

የጉምሩክን ሥራ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ ቀረጥ ከፍሎ ደረሰኝ የሚቀበለው የባዕድ ሻጭ ሳይሆን አስመጪው ነው። አስመጪው በዋጋ ላይ ይጨምረዋል፤ መኪናና የእርሻ መሣሪያ የሚሠራው ፋብሪካ ይሸከመዋል። ብረት ከሚያቀልጡት ይልቅ በብረት የሚሠሩት ሠራተኞች ቍጥር እጅግ ይበልጣል።

በዲሴምበር 2022 የዓለም ንግድ ድርጅት ዳኞች የጸጥታውን ምክንያት ሳይቀበሉት ቀሩ። ዋሽንግተን ግን ስለ ጸጥታዋ ሌላ ዳኛ እንደማይኖር መልስ ሰጠች። በማርች 2025 የ25 በመቶው ቀረጥ ያለ ልዩነት በሁሉም ላይ ዋለ፤ በጁን ወር ወደ 50 በመቶ ከፍ ሲል ብሪታንያ በ25ቱ እንድትቆይ ተፈቀደላት፤ ካናዳ ግን ከ50ው አላመለጠችም።