ብር፣ ናቅፋና ሁለት ሺህ ብር

የዛሬው ንግግሬ ስለ ጦርነቱ ሳይሆን ከጦርነቱ ስድስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ስለ ተነሣ አንድ የሂሳብ ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ሁለት መንግሥታት ከሆኑ በኋላ በምን ገንዘብ ሊገበያዩ ኖሯል?

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታውጅ ብርን አልተወችም። በመስከረም 1986 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች የወዳጅነትና የትብብር ስምምነት ተፈራረሙ። የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው በአሰብ ያልፍ ነበር። እህል ወደ አሥመራ፣ የአሥመራ ፋብሪካዎች ምርት ወደ ኢትዮጵያ ይሄድ ነበር። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያም እስከ 1989 ዓ.ም. ለሁለቱም ይሠራ ነበር፤ በዚያው ዓመት አያዋጣም ተብሎ ተዘጋ።

ነገሩን ልብ በሉልኝ። አሥመራ የምትገበያይበትን ገንዘብ መጠን የሚወስነው አዲስ አበባ የነበረው ባንክ ነበር። ይህ የቆመው በትግል ዘመን በተዋወቁ መሪዎች መተማመን ላይ እንጂ በጠንካራ ተቋም ላይ አልነበረም።

ጥቅምት 29 ቀን 1990 ዓ.ም. ናቅፋ ወጣ። ኤርትራ ብርና ናቅፋ በእኩል ዋጋ በሁለቱም አገር እንዲሠሩ ፈለገች። ኢትዮጵያ ግን አዲስ የብር ኖት አውጥታ፣ ከጠረፍ ነዋሪዎች የ2,000 ብር ንግድ በስተቀር ሌላው ሁሉ በውጭ ምንዛሪ፣ በሌተር ኦፍ ክሬዲት እንዲሆን ወሰነች። ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው። ሌላ መንግሥት ያተመው ገንዘብ ቡናዋን እንዲገዛባት የምትፈቅድ አገር የለችም፤ ዋና ገበያዋ ጎረቤቷ የሆነ፣ ዶላር የሌላት አዲስ አገርም ዶላር አምጪ ስትባል መደንገጧ አይገርምም። በ2,000 ብር ግን ጥቂት ኩንታል እንጂ የጭነት መኪና ሙሉ እህል አይገዛም። ባንክ ደጃፍ ቆሞ የማያውቅ የጠረፍ ነጋዴ እንዴት ሌተር ኦፍ ክሬዲት ይከፍታል?

ሁለቱ ባንኮች የየወገኑን ዕዳ መዝግበው በየጊዜው የሚያቻችሉበት ሂሳብ በ1986 ዓ.ም. ቢከፍቱ ኖሮ ክርክሩ የባንክ ባለሙያዎች ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጦርነቱን ያመጣው ናቅፋ ነው በሚሉት ግን አልስማማም፤ የድንበሩ ውዝግብ የራሱ ታሪክ አለው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ውጊያው ሲነሣ የኢትዮጵያ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ለዚያ ጭነት የተሠራው አሰብም ባዶውን ቀረ።