በመጠጥ ደንብ የተከሰሰ ሰው ስለ መደመጥ መብቱ፤ አጭር ታሪካዊ ጥናት

በመጠጥ ንግድ ላይ ደንብ ማውጣት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን ደንቡን ጣሰ የተባለው ሰው ከመቀጣቱ በፊት በማን ፊት ቀርቦ ቃሉን ይሰጣል የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ የተለያየ መልስ አግኝቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ለውጥ በአጭሩ ማመልከት ነው።

በቀድሞው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ቆመው በበላ ልበልሃ ይሟገቱ ነበር። ውርርዱ ማር፥ በቅሎ ወይም ፈረስ ሊሆን ይችላል፤ መንገደኛም ሳይቀር ለዳኝነት ይቀመጥ ነበር። ይግባኙ እስከ ንጉሡ ችሎት ስለሚደርስ፥ ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ ለደራና ለፎገራ ሰው ችሎቱ ቅርብ ነበር። በርግጥ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ድሀውንና ዓይን አፋሩን ያሸንፍ ነበር፤ ይሁን እንጂ ተከሳሹ ሳይጠየቅ አይፈረድበትም የሚለው ሐሳብ የሥርዓቱ መሠረት ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገኘው በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከፈረንሳይ መልእክተኛ ከሙሴ ክሎቡኮውስኪ ጋር የተዋዋሉት ውል ነው። ውሉ በጠቅላላው የገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ በመቶ 10፥ በወይን፥ በቢራና በመሳሰሉት መጠጦች ላይ ግን በመቶ 8 ወሰነው። ስለዚህ መንግሥት የውጭውን መጠጥ በቀረጥ ለመግታት ቢፈልግ እጁ ታስሮ ነበር። ከዚህም በላይ ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ ኢትዮጵያዊው ዳኛ የሚያስችለው ከቆንስሉ ጋር ሆኖ ነበር። የሌሎች መንግሥታት ዜጎችም በዚሁ ውል ተጠቀሙ። እንግዲህ በአዲስ አበባ ኮኛክ የሚሸጠው የውጭ ነጋዴ ከጎኑ ቆንስል ሲቆምለት፥ ጠላና አረቄ የምትሸጠው ያገር ሰው ግን ከራሷ አንደበት በቀር ጠበቃ አልነበራትም። የመደመጥ መብት በሕግ ሳይሆን በዜግነት ተመዘነ ማለት ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ ዳኝነቱ ለሁሉም በአገሩ ፍርድ ቤት ሆነ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጥቃቅን ጥፋቶችን የደንብ መተላለፍ በሚል ክፍል ለየ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 223 ለአጥቢያ ዳኛ ስድብን፥ እጅ እልፊትንና እስከ 5 ብር የሚደርስ ስርቆትን የመሳሰሉ ጉዳዮችን እንዲያስታርቅ፥ ዕርቁ ካልሆነም ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀምጦ እስከ 15 ብር እንዲቀጣ ሥልጣን ሰጠው። የመጠጥ ንግድ ግን ከነዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ስለዚህ የሰፈሩን ሰው የሚያውቀው ዳኛ የጠብ ነገር ይሰማል፤ የፈቃድ ነገር ግን ወደ ጽሕፈት ቤት ሄደ።

በዘመናችን የጽሕፈት ቤቱ ሥልጣን እየሰፋ መጥቷል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ከለከለ፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅንም አገደ። በተከታዩ ዓመት የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሥሪያ ቤት ከመወሰኑ በፊት ባለጉዳዩን እንዲሰማና ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ፥ ቅር የተሰኘውም ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ፈቀደ። ይህ በበላ ልበልሃ የነበረው መሠረት በወረቀት መመለሱ ነው። ሆኖም አዋጁ የሚገዛው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን እንጂ የክልልን አይደለም።

ጉዳዩ ከባድ መሆኑን ለመረዳት የደራ ወረዳ ከተማ የሆነችውን አንበሳሜን በምሳሌነት እንውሰድ። በዚያ አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ቤቷ ቢታሸግባት፥ ነገሩ የሚያዘው በወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። ያየባት፥ የከሰሳትና ያሸገባት አንድ ሰው ከሆነ የምትሟገተው ከማን ጋር ነው? ሰው የሚጎዳ መጠጥ ሲገኝ ወዲያው ማሸግ ተገቢ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ማሸግ መጠበቂያ እንጂ ፍርድ መሆን የለበትም።

ስለዚህ ከታሪኩ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ ክሱ በጽሑፍ ይድረሳት፤ መልስ የምታዘጋጅበት ቀን ይሰጣት፤ የከሰሳት ሰው አይፍረድባት፤ የውሳኔውም ምክንያት ተጽፎ ይሰጣት። እነዚህ አራቱ ከተሟሉ ደንቡም ይከበራል፥ ደሀዋም አትበደልም።