ደጃፍ የተሻገረ መጽናኛ፦ ከኅዳር በሽታ እስከ ኮሮና

በቀደሙት ዘመናት አገራችን ላይ ፈንጣጣ ወይም ሌላ ወረርሽኝ ሲወርድ የተለመደው መላ ቤት መዋል አልነበረም። አቅም ያለው ሰፈሩን ለቅቆ ወደ ደጋ፣ ወደ ዘመድ አገር ይሸሽ ነበር። ቤትን ዘግቶ መቀመጥን እንደ መጠጊያ ማየት ለእኛ የቅርብ ጊዜ ልምድ ነው።

ኅዳር 1911 ዓ.ም. ግን መሸሻ አልነበረም። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታ፤ ሕዝቡም የኅዳር በሽታ አለው። በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ሳይቀሩ ታመው ተረፉ፤ በጣት ከሚቆጠሩት ሐኪሞችም የሞቱ ነበሩ።

በሽታው ቤተሰቡን ባንድ ጊዜ አልጋ ላይ ይጥል ስለነበር፣ ብዙ ቤት ውስጥ ትልቁ ችግር የመድኃኒት እጦት ብቻ አልነበረም። ውሃ የሚያቀብል፣ አጥሚት የሚያሞቅ ሰው መጥፋቱም ነበር። ከዚያ መከራ በየዓመቱ የምናስታውሰው ጢሱን ነው፤ ኅዳር 12 ቀን በሚካኤል ዕለት ቆሻሻ ጠርገን እናቃጥላለን፣ ሰፈሩን እናጥናለን። ታማሚውን ማን አስታመመው? ጎረቤት ለጎረቤት ምን አደረገ? ይህን የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚቆጨኝ ይህን መርሳታችን ነው።

ከ101 ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ከተማዋ እንደሌሎች አገሮች ጨርሳ አልተዘጋችም። የጉልት ነጋዴዋና የቀን ሠራተኛው ካልወጡ አይበሉምና፣ ቤት መዋል ለሁሉም እኩል የደረሰ ዕድል አልነበረም። ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመር በአዋጁ ደንብ መከልከሉ፣ ማዕድ ማጋራትም በየወረዳው መስፋፋቱ ከዚሁ የመጣ ነው።

በአዲስ አበባ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ብሎኮች ያኔ የነበረውን ሕይወት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ቡናው ነው። በደህና ጊዜ ቡና ሲቆላ ሽታው በደረጃው ወጥቶ ጎረቤቱን ይጠራል፤ አቦሉ ሳይወርድ ቤቱ ይሞላል። በእነዚያ ወራት ጀበናው ተጣደ፣ እጣኑም ጨሰ፣ ረከቦቱ ላይ የሚደረደረው ሲኒ ግን የቤተሰቡ ብቻ ሆነ። ያም ሆኖ ቡናው ብቻውን አልተጠጣም። አንዷ ከላይ ፎቅ፣ ሌላዋ ከታች፣ ስልክ ከፍተው በረካው ድረስ ያወጉ ነበር። ድፎ ዳቦ የደፋች እናት ቆርሳ በሳህን ከጎረቤት ደጃፍ አኑራ፣ በሩን አንኳኩታ ትመለሳለች። በግቢው በር ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና ተቀመጠ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ዳማከሴ እንደገና ከፍ ያለ ቦታ አገኙ። በሽታውን ባያድኑም፣ በአንድ ኩባያ ትኩስ ነገር ሰው እንደታሰበለት ያውቃል፤ ይህን ማቃለል አይገባም።

ሚያዝያ 11 ቀን ፋሲካ ዋለ። ቅዳሴው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ነጠላቸውን አጣፍተው ሳሎን ውስጥ የቆሙ፣ የሚሰገድበት ሲደርስም የሰገዱ እናቶች ነበሩ። የሳሪስና የቄራ ሙስሊሞችም በወሩ የኢድን ሶላት በየቤታቸው ሰገዱ። ልጆች ትምህርታቸውን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከቴሌግራም ሲከታተሉ፣ ማታ ገበጣና እንቆቅልሽ ተመለሱላቸው። በረንዳ ላይ በቀለም ጣሳ ጎመን ያበቀለም ነበር።

እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸውን ሳስብ፣ የእኛ ቤት መጽናኛ ከደጃፍ ውስጥ ቆሞ እንደማይቀር አያለሁ። ቡናውም ዳቦውም ለማጋራት የተሠራ ነው። ወረርሽኙ በሩን ሲያጠብ ሰው በጠበበው በር አቀበለ እንጂ መስጠቱን አልተወም። በ1911 ከሞት የተረፈውን ያተረፈው አንዱ ነገር ይኸው እጅ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ የማስታወሱ ተራ የእኛ ነው። በ2012 ሰባት ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል፤ ያን ጊዜ የሚያውቀው በተዘጋ ትምህርት ቤትና በአፍ መሸፈኛ ነው። በኅዳር 12 እንኳ የአየር ብክለት ያሳሰባቸው ባለሙያዎች ቆሻሻ ማቃጠሉ እንዲቀር እየመከሩ ነው፤ ምክራቸውም ትክክል ነው። ጢሱ ከቀረ ግን ታሪኩን የሚሸከም ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ለዚህም በየሰፈሩ የእድር መዝገብ አለ። ድንኳን ሳይተከል፣ ለቀስተኛ ሳይሰበሰብ የተሸኙት የ2012 ሟቾች ስም እዚያ ተጽፏል። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ዛሬም በሕይወት አሉና፣ ከስሙ አጠገብ ማን አስታመመ፣ ማን እህል ላከ፣ ለቅሶው እንዴት ተደረሰ የሚለውን ራሳቸው ሊያስገቡት ይችላሉ። በሚቀጥለው የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ለዚህ አንድ አጀንዳ ይያዝለት።