ገበሬ የሚሰለፍበት ዩኒቨርሲቲ

በየዓመቱ መጋቢትና መስከረም ሲጠቡ በሕንድ የፑንጃብ ግዛት የምትገኘው የሉዲያና ከተማ በትራክተር ትጨናነቃለች። ባለ ጥምጥም ገበሬዎች ቤተሰባቸውን በተጎታች ጭነው ወደ ፑንጃብ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ይጎርፋሉ። የሚመጡት ልጅ ሊያስመርቁ አይደለም። ዘር ሊገዙ ነው።

ይህ የገበሬዎች ባዛር «ኪሳን ሜላ» ይባላል፤ ከ1967 ጀምሮ ሲካሄድ ኖሯል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ረጅሙ ሰልፍ ሁልጊዜም የሚታየው ዘር መሸጫው ፊት ነው። ገበሬው አዲሱን ዝርያ በትንሽ ከረጢት ይገዛና ከማሳው ጥግ ላይ ይሞክረዋል። ስንዴና ሩዝ ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ ከምርቱ ላይ ለዘር ማስቀረት ይቻላል። ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ከረጢት የገዛ ሰው የዛሬ ዓመት ለጎረቤቱ ያካፍላል፤ በሁለትና በሦስት ወቅት ዝርያው መንደሩን ያዳርሳል። ዩኒቨርሲቲው በየገጠሩ ሠራተኛ ሳያሰማራ ዘሩ በራሱ ጊዜ ይሄዳል።

የዩኒቨርሲቲው ሥር ግን ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ነው። እንግሊዞች በ1906 የፑንጃብን የግብርና ኮሌጅ ያቋቋሙት በላያልፑር፣ በአሁኗ ፋይሳላባድ ነበር። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ፑንጃብ ለሁለት ተሰነጠቀ። ኮሌጁም፣ በመስኖ የለሙት ሰፋፊ መሬቶችም በወዲያኛው ወገን ቀሩ። ድንበር ተሻግረው ወደ ሕንድ የገቡት መምህራንና ተማሪዎች ትምህርታቸውን የቀጠሉት በሉዲያና ነው። የሉዲያናው ኮሌጅ በ1962 ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በቀጣዩ ዓመት ጁላይ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ መረቁት።

አደረጃጀቱ የተቀዳው ከአሜሪካ ነው። ትምህርት፣ ምርምርና የገበሬ ምክር በአንድ ጣሪያ ሥር ይሁን የሚለውን አሠራር አሜሪካኖች መሬት በተሰጣቸው የመንግሥት ኮሌጆቻቸው ሲከተሉት ቆይተዋል። ፑንጃብን ያገዘው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነበር። የእኛው የዓለማያ (የዛሬው ሐረማያ) ግብርና ኮሌጅም በ1950ዎቹ የቆመው በዚሁ አሠራር ነው፤ አጋሩ የዛሬው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነበር። የሐረማያ ተመራቂ ሉዲያና ቢሄድ ብዙም ግር የሚለው አይመስልም።

የፑንጃብን ዩኒቨርሲቲ ስም ያስጠራው ስንዴ ነው። የድሮው የፑንጃብ ስንዴ ረጅም ነበር፤ ማዳበሪያ ሲበዛለት ይመዘዝና ገና ፍሬው ሳይጠና ይጋሽባል። የአሜሪካዊው ኖርማን ቦርሎግ ቡድን ሜክሲኮ ውስጥ ያዳቀለው አጭር ስንዴ ግን ማዳበሪያውን ችሎ ይቆማል። ሕንድ በ1966 ብቻ 18,000 ቶን የሜክሲኮ ዘር አስገባች። ሆኖም አብዛኛው ፍሬው ቀይ ነበር። ፑንጃቢ ደግሞ ሮቲ የተባለውን ቂጣ የሚጋግረው ከነጣ ስንዴ ነው፤ ቀዩን ገበያ አውጥቶ በደህና ዋጋ መሸጥ አስቸጋሪ ሆነ። በሉዲያና የዲልባግ ሲንግ አትዋል ቡድን ከሜክሲኮ በተላኩት መስመሮች መካከል እየመረጠ ቁመቱ አጭር፣ ፍሬው ነጣ ያለ ዝርያ አወጣ። «ካልያን ሶና» ተባለ። ገበሬው የተቀበለው በምርቱ ብቻ ሳይሆን በቀለሙም ጭምር ነው፤ ይህን የመሰለው ጉዳይ በሳይንስ ዘገባዎች ውስጥ በአንድ መስመር ይታለፋል እንጂ የገጠሩን ልብ ያሸነፈው እሱ ነው ማለት ይቻላል።

የ1968 አዝመራ ጎተራ ጠበበው፤ በአንዳንድ ቦታ የመንደር ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስንዴ ተከመረባቸው። በ1965 ወደ 12 ሚሊዮን ቶን የነበረው የሕንድ የስንዴ ምርት በ1970 ወደ 20 ሚሊዮን ደረሰ።

በ1968 የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ሆነው የተሾሙት ሞሂንደር ሲንግ ራንዳዋ ለየት ያሉ ሰው ነበሩ። ከ1947 በኋላ የተፈናቀሉትን ያቋቋሙ አስተዳዳሪ፣ የዕፅዋት ሊቅ፣ ስለ ሰሜን ሕንድ የካንግራ ሥዕሎች መጻሕፍት የጻፉ የኪነ ጥበብ ወዳጅ። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የፑንጃብ ገጠር ኑሮን የሚያሳይ ሙዚየምም አሠርተዋል። በዩኒቨርሲቲው የሕትመት ሥራ ላይ የታወቀው የአጭር ልብ ወለድ ጸሐፊ ኩልዋንት ሲንግ ቪርክ ይሠራ ነበር፤ ገጣሚው ሱርጂት ፓታርም ለዓመታት ፑንጃቢ አስተምሮ በዚያው ጡረታ ወጥቷል። ስለ ዋግና ስለ ዩሪያ የሚያስረዳ ጽሑፍ ቋንቋ በሚያውቁ ሰዎች አጠገብ ሲዘጋጅ ልዩነቱ ይታያል። «ቻንጊ ኬቲ» የተባለው ወርኃዊ መጽሔት ዛሬም በየመንደሩ ይነበባል።

ተማሪዎቹም ሁሌ ከክፍል አይውሉም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች መንደር ወርደው ከገበሬ ጋር እየሠሩ የሚማሩበት ወቅት አላቸው። ግቢው በሆኪም ስመ ጥር ነው፤ በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ፕሪቲፓል ሲንግ ኋላ የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ ሆኖ ነበር። በ1983 እዚያው ግቢ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ፑንጃብ በዚያን ጊዜ በከባድ ሁከት ውስጥ ነበረች። ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት እዚያ የተማረው ጉርዴቭ ኩሽ ደግሞ ፊሊፒንስ ሄዶ ዓለምን ያዳረሱ የሩዝ ዝርያዎችን አወጣ፤ በ1996 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ።

ስኬቱ ዕዳም ይዞ መጣ። ስንዴ ሲታጨድ ሩዝ፣ ሩዝ ሲነሳ ስንዴ ይዘራል። ሩዙ ውሃ ይጠጣል፤ ከ1997 ወዲህ ለገበሬ ኤሌክትሪክ በነጻ ሲሰጥ ደግሞ ፓምፕ የሚያጠፋ ጠፋ። የከርሰ ምድር ውሃው እየራቀ ሄደ።

ዩኒቨርሲቲው ካቀረባቸው መልሶች አንዱ ርካሽና ቀላል ነው፦ ቴንሲዮሜትር። ጫፉ ሸክላ የሆነ፣ ውሃ የተሞላ ቱቦ ማሳው ውስጥ ይቀበራል። አፈሩ ሲደርቅ ውሃውን በሸክላው በኩል ይስበዋል፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃም ዝቅ ይላል። ቱቦው ከላይ በአረንጓዴና በቢጫ ቀለም ተከፋፍሏል። ውሃው አረንጓዴው ላይ እስካለ ፓምፑ አይነሳም፤ ቢጫው ጋ ሲደርስ ማሳው ይጠጣል። ማንበብ የማይችል ገበሬም ይገባዋል።

ሁለተኛው መልስ ሕግ ሆነ። በሉዲያና የተደረገው ጥናት የሩዝ ችግኝ ሙቀቱ በረድ ሲል ቢዛወር ብዙ ውሃ እንደሚተርፍ ስላሳየ፣ ግዛቲቱ በ2009 ባወጣችው ሕግ ከጁን 10 በፊት ማዛወርን ከለከለች። ነገር ግን ሩዙ በዘገየ ቁጥር በአጨዳውና በስንዴ ዘር መካከል ያለው ጊዜ ጠበበ። ገበሬው በኮምባይነር አጭዶ የቀረውን ገለባ ለማንሳት ጊዜ አላገኘም፤ ክብሪት ጫረበት። በየኖቬምበሩ ዴልሂን ለሚያፍነው ጭስ ይህ አንዱ ምክንያት ነው። አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑ ሌላው መከፈቱን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አልካዱም። ከአውስትራሊያውያን ጋር ሆነው «ሃፒ ሲደር» የተባለውን ማሽን ሠሩ፤ ገለባው መሬቱ ላይ እንዳለ እየቆረጠ ስንዴውን በመሃሉ ይዘራል።

ከዚያም ፒአር 126 መጣ፤ ችግኙ ከተዛወረ ከ93 ቀን ገደማ በኋላ የሚደርስ ሩዝ። ገበሬው ወደደው፤ ከሉዲያና ሳይመከር በራሱ ፈቃድ ሲዘራው የኖረውን፣ ረጅም ጊዜ የሚወስደውንና ውሃ የሚፈጀውን ፑሳ 44ን ይተካል ተብሎ ተስፋ ተጣለበት። በ2024 ግን የሩዝ መፈልፈያ ባለቤቶች ዝርያው መንግሥት የሚጠይቃቸውን 67 በመቶ ንጹሕ ሩዝ አይሰጥም ብለው አንፈለፍልም አሉ። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ ጥፋቱ በፒአር 126 ስም በየሱቁ የሚሸጡት ድቅል ዘሮች ነው ሲል ተሟገተ።